ሮኬትን በምን እንዘውረው? የፍሰት ስሌት የሚያሳየንና የሚደብቅብን

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በፈረንሳይ ጊያና ከሚገኘው የኩሩ ማስወንጨፊያ ጣቢያ አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓውያን አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተወነጨፈ። ለሠላሳ ሰባት ሰከንድ ያህል ጉዞው ያማረ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሮኬቱ ኮምፒውተር ጋዝ የሚወጣባቸው አፈሙዞች እስከ መጨረሻው እንዲታጠፉ አዘዘ፤ እነርሱም ታጠፉ። ሮኬቱ ወደ ጎን ተገለበጠ፤ ከሚመጣበት አየር ጋር ከ20 ዲግሪ የሚበልጥ ማዕዘን ፈጠረ፤ የአየሩም ኃይል የጎን ማስፈንጠሪያዎቹን ከዋናው አካል መገንጠል ሲጀምር ራሱን የሚያጠፋበት ሥርዓት ሠራና በ3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተበታተነ። የአደጋው ምክንያት እንደሚታወቀው የሶፍትዌር ስሕተት ነበር። ከቀድሞው አሪያን 4 የተወረሰ አንድ የፕሮግራም ክፍል በ64 ቢት የተጻፈን ቁጥር ወደ 16 ቢት ለማሳጠር ሲሞክር ቁጥሩ አልችል አለው፤ ከዚያም የወጣው የስሕተት መልእክት እንደ እውነተኛ የበረራ መረጃ ተቆጠረ።

ስለዚህ ስሕተት ብዙ ተጽፏል። እኛን በዚህ ጽሑፍ የሚያሳስበን ግን ሌላው ገጽታው ነው። በዚያን ዕለት የሮኬቱ መዘወሪያ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ የታዘዘውን በሚገባ ፈጸመ። በመነሻው ከ700 ቶን በላይ የሚመዝንን አካል በቅጽበት ለመገልበጥ የሚችል ኃይል የተገኘው ጋዙ የሚወጣበትን አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪዎች በመለወጥ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ኃይል ለመፍጠር ያሉት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? አንዱን ከሌላው የምናበላልጠውስ በምን ሚዛን ነው? ዛሬ መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሚፈልጉት በመሞከሪያ ጣቢያ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ባለቀለም ሥዕል ምን ያህል እንደሚታመን አብረን ለማየት እንሞክራለን።

በመዳፍ ላይ የቆመ በትር

ሮኬት ከበስተኋላው እየተገፋ የሚጓዝ ረጅም አካል ነው። በትሩን በመዳፉ ላይ አቁሞ ለማቆየት የሚሞክር እረኛ የሮኬት መሐንዲስን ችግር ያውቀዋል፤ በትሩ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ሲጀምር መዳፉን ፈጥኖ ወደዚያው ካላንቀሳቀሰ በትሩ ይወድቃል።

ታላላቅ ሰዎችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ተሳስተዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦበርን በተባለ ስፍራ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት ሲያስወነጭፍ ሞተሩን ከላይ፣ የነዳጅ ታንኮቹን ደግሞ ከታች አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ቀና ይመስላል፤ ከላይ ተይዞ የተንጠለጠለ ነገር አይገለበጥምና። ነገር ግን ሮኬቱን ከላይ የያዘው ገመድ የለም። ሞተሩ ከሮኬቱ አካል ጋር አብሮ ስለሚያዘነብል የሚስብበት አቅጣጫም አብሮ ይዞራል፤ መልሶ የሚያቃናው ኃይል ከየትም አይመጣም። ጎዳርድ በኋላ ሞተሩን ወደ ታች መልሶ፣ በ1932 በጋይሮስኮፕ የሚታዘዙ ትናንሽ መቅዘፊያዎችን በሚወጣው ጋዝ ውስጥ አስገባ።

እነዚህ የነበልባል መቅዘፊያዎች በታሪክ የመጀመሪያው አስተማማኝ የመዘወሪያ ዘዴ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1942 በተሳካ ሁኔታ የተተኮሰው የጀርመኖቹ ቪ-2 ሮኬት ከግራፋይት የተሠሩ አራት መቅዘፊያዎች በጋዙ መውጫ ላይ ነበሩት። በ1961 አለን ሼፐርድን ወደ ጠፈር ጫፍ ያደረሰው ሬድስቶን ሮኬትም በዚሁ ዘዴ ይዘወር ነበር። ጀልባ በመቅዘፊያ እንደሚዘወር ሁሉ መቅዘፊያው ሲዞር ጋዙ ወደ ጎን ይታጠፋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ መቅዘፊያው የተነከረው ብረት በሚያቀልጥ ጋዝ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ሞተሩ እየነደደ በሄደ መጠን መቅዘፊያው እየተበላ ያልቃል።

ሁለተኛው ዘዴ ሞተሩን ራሱን ወይም የጋዙን መውጫ አፈሙዝ፣ በመሐንዲሶች አጠራር ኖዝሉን፣ በማጠፊያ ላይ አድርጎ ማወዛወዝ ነው። አሜሪካውያንን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ከአምስቱ የመጀመሪያ ደረጃ ሞተሮቹ አራቱ ይወዛወዙ ነበር፤ የመካከለኛው ብቻ አይንቀሳቀስም። የስፔስ ሸትል የጎን ማስፈንጠሪያዎች ጠጣር ነዳጅ ስለሚያቃጥሉ ሙሉውን ሞተር ማወዛወዝ አይቻልም፤ ስለዚህ ኖዝላቸው ብቻ በተለማጭ መገጣጠሚያ ላይ ሆኖ እስከ 8 ዲግሪ ይታጠፍ ነበር።

ሦስተኛው ዘዴ ዋናውን ሞተር ሳይነኩ ረዳት የሆኑ ትናንሽ ሞተሮችን ማዞር ነው። በ1957 ስፑትኒክን ያወጣው የሶቪየቶች ሮኬት እንዲህ ያሉ 12 ረዳት ሞተሮች ነበሩት፤ የዛሬው ሶዩዝም የዚያው ዘር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1ን፣ ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ ይዞ የተነሣው ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬትም ሁለተኛ ደረጃው የተዘወረው በአራት ረዳት ሞተሮች ነው። ብዙዎቻችን ያን ዕለት የተከታተልነው የነበልባሉን ድምቀት ነበር፤ ሳተላይቷን ወደ ምሕዋሯ ያመሩት ግን ዓይን የማይገቡት ትናንሾቹ ነበሩ።

ክንፎችን በተመለከተ ብዙ አንልም። አየር በሌለበት አይሠሩም፤ ሮኬቱ ገና ሲነሣ ደግሞ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ የሚይዙት በቂ ኃይል የለም። ተፈላጊነታቸው የጎላው ፋልከን 9ን የመሰሉ ሮኬቶች ተመልሰው ማረፍ ከጀመሩ ወዲህ ነው፤ ከላይ የተገጠሙት ወንፊት መሰል ክንፎች በሚመለሱበት ጊዜ ይዘውሯቸዋል።

አራተኛውና ለፍሰት ስሌት እጅግ የተመቸው ዘዴ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነበልባል ነክ አካል የለውም። በኖዝሉ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይበጅና በዚያ በኩል ፈሳሽ ወይም ጋዝ ወደ ውስጥ ይረጫል። የሕንዶቹ ፒ.ኤስ.ኤል.ቪ. ሮኬት፣ በ2008 ቻንድራያን-1ን፣ በ2013 ደግሞ የማርስ መንኮራኩራቸውን ያስወነጨፈው፣ የመጀመሪያው ደረጃ የሚዘወረው እንዲህ ነው። ከጎኑ በታሰሩ ታንኮች ውስጥ ያለ የስትሮንቲየም ፐርክሎሬት ውሁድ በሚፈለገው ወገን ባሉት ቀዳዳዎች ይረጫል። የአሜሪካኖቹ ታይታን 3ሲ ለዚሁ ሥራ ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ይጠቀም ነበር። በጎን የሚረጭ ጥቂት ፈሳሽ ይህን የሚያህል ሮኬት እንዴት ያዞራል? ወደዚህ እንመለሳለን።

ሚዛኑ ምንድን ነው?

ዘዴዎቹን ለማወዳደር መጀመሪያ ምን እንደምንፈልግና ምን እንደምንከፍል መለየት አለብን። የምንፈልገው የጎን ኃይል ነው። ይህ ኃይል ከሮኬቱ የክብደት ማዕከል ካለው ርቀት ጋር ሲባዛ ሮኬቱን የሚያዞር ጥምዘዛ ይሰጠናል። የምንከፍለው ደግሞ ከዋናው ገፊ ኃይል የሚቀነሰውን፣ ተጨማሪ የምንሸከመውን ክብደት፣ እንዲሁም የመሣሪያውን ውስብስብነት ነው።

ቀላል ምሳሌ እናስላ። ገፊ ኃይሉ 1,000 ኪሎ ኒውተን የሆነ ሞተር በ4 ዲግሪ ቢታጠፍ የጎን ኃይሉ በሳይን ስሌት 69.8 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ወደፊት የሚገፋው ኃይል ደግሞ በኮሳይን ስሌት 997.6 ኪሎ ኒውተን ነው። እንግዲህ ወደ 70 ኪሎ ኒውተን የሚጠጋ የጎን ኃይል ያገኘነው 2.4 ኪሎ ኒውተን ብቻ ከፍለን ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ባለ ጊዜ ደግሞ ምንም አንከፍልም። የነበልባል መቅዘፊያ ግን ቀጥ ብሎ ቢቆምም እንኳ በጋዙ መንገድ ላይ ስለሆነ ይጎትታል። የዘርፉ የማስተማሪያ መጻሕፍት ኪሳራውን ከገፊው ኃይል ከግማሽ በመቶ እስከ ሦስት በመቶ ያደርሱታል። ሁለት በመቶ ብንወስድ 20 ኪሎ ኒውተን ማለት ነው፤ ያውም ሞተሩ ከተለኮሰበት እስከሚጠፋበት ጊዜ ድረስ ያለማቋረጥ የሚከፈል።

በዚህ ስሌት ከሄድን የሚወዛወዘው ሞተር ያለ ክርክር ያሸንፋል። በእርግጥም ዛሬ በአብዛኞቹ ታላላቅ ሮኬቶች ላይ የምናገኘው እርሱኑ ነው። ነገር ግን ግዙፍና የጋለ ኖዝልን በሰከንድ ክፍልፋይ የሚያወዛውዝ ጠንካራ ማንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል፤ አንድ ኖዝል ብቻ ያለው ሮኬት ደግሞ በራሱ ዘንግ ዙሪያ እንዳይሽከረከር ለማድረግ አይችልም። መቅዘፊያዎቹ ይህን ይችላሉ። ርጭቱም ቢሆን ሙቀትን መቋቋም ያለበት ማጠፊያ አይፈልግም። ስለዚህ ውድድሩ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሚወዛወዘውን ሞተር ዋና ዋጋ ለማወቅ ሳይንና ኮሳይን በቂ ናቸው፤ ወረቀትና እርሳስ ያለው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ለመቅዘፊያውና ለርጭቱ ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። ኃይሉ የሚመጣው ጋዙ በእንቅፋቱ ዙሪያ ከሚያደርገው ነገር ነው፤ ያን ለማወቅ ፍሰቱን ራሱን ማስላት ግድ ይላል።

ሣጥኖችና የሒሳብ መዝገቦች

የፈሳሽና የጋዝ እንቅስቃሴ የሚገዛባቸው ቀመሮች አዲስ አይደሉም። ፈረንሳዊው ናቪዬ በ1822፣ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ስቶክስ በ1845 የጻፏቸው ናቸው። የሚሉትም ነገር በመሠረቱ የኒውተን ሕግ ነው፦ ቁስ አይጠፋም፤ የአንድ ቁራሽ ጋዝ እንድርድሪት የሚለወጠው ግፊትና ውስጣዊ ሰበቃ ሲያርፉበት ነው፤ ኢነርጂም ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ችግሩ እነዚህን ቀመሮች ኖዝልን ለመሰለ ቅርጽ በእጅ መፍታት አለመቻሉ ነው።

ኮምፒውተሩ ኖዝሉን በሐሳብ ብዙ ትናንሽ ሣጥኖች አድርጎ ይከፋፍለዋል። ለእያንዳንዱ ሣጥን የነጋዴ መዝገብ የመሰለ ሒሳብ ይይዛል፦ በዚህ በኩል ይህን ያህል ጋዝ ገባ፣ በዚያ በኩል ይህን ያህል ወጣ፣ ቀሪው ይኸው። ከአንዱ ሣጥን የወጣው ወደ ጎረቤቱ ይገባል፤ በመንገድ የሚጠፋ የለም። ሒሳቡ በአጭር አጭር የጊዜ እርምጃ እየተደጋገመ ይሄዳል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ግን ያስደነግጣሉ። ይዘቱ 0.4 ሜትር ኩብ የሆነ ኖዝል በአንድ ሴንቲ ሜትር ሣጥኖች ቢከፈል 400 ሺህ ሣጥኖች ይወጡታል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢከፈል 400 ሚሊዮን። ጊዜውም አብሮ ይጠብባል። ጋዙ በሰከንድ 2,500 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ አንዷን የአንድ ሚሊ ሜትር ሣጥን የሚያልፈው በሰከንድ ሚሊዮንኛ 0.4 ነው፤ በተለመደው የስሌት ዘዴ የጊዜ እርምጃው ከዚህ ከበለጠ ስሌቱ ይፈነዳል። ይህን ደንብ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ያገኙት በ1928፣ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት መሆኑ ያስደንቃል። እንግዲህ የሣጥኑን ጎን በግማሽ ስናሳጥር የሣጥኖቹ ቁጥር ስምንት ጊዜ፣ የእርምጃዎቹም ቁጥር ሁለት ጊዜ ይበዛል፤ ሥራው አሥራ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ስሌት በትልቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እንግሊዛዊው ሉዊስ ሪቻርድሰን ነው። በእጁ አስልቶ፣ ለሜይ 20 ቀን 1910 የአየር ግፊት በስድስት ሰዓት ውስጥ በ145 ሄክቶ ፓስካል ይጨምራል የሚል ውጤት አገኘ፤ በዚያን ዕለት ግን ግፊቱ ከነበረበት ፈቅ ያለ አልነበረም። ሪቻርድሰን ውጤቱን ሳይደብቅ በ1922 አሳተመው። ቀመሮቹ ትክክል ነበሩ፤ የተመገቡት መረጃ ግን ያልተስተካከለ ነበር። ይህን ታሪክ በጎን ያመጣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የፍሰት ስሌት የተወለደው በትልቅ ስሕተት መሆኑን ስለሚያስታውሰን ነው።

ርጭቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጋዙ የኖዝሉን ጠባብ ጉሮሮ ካለፈ በኋላ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይበርራል። በቀኙ ግድግዳ ካለች ቀዳዳ ሌላ ጋዝ ወደ ውስጥ ብንረጭ፣ ርጭቱ ለዋናው ፍሰት በወንዝ መካከል እንደቆመ ድንጋይ ይሆንበታል። ከድንጋዩ በላይ ውሃው እንደሚቆለል ሁሉ ከርጭቱ በላይ የጋዙ ግፊት በድንገት ይጨምራል። ይህ ድንገተኛ የግፊት ዝላይ ሾክ ሞገድ ይባላል።

የወንዙ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ያገለግለናል፤ ከዚህ በኋላ ግን የተለየ ነገር ይመጣል። ከድምፅ በላይ የሚጓዝ ፍሰት ከፊቱ ያለውን እንቅፋት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ የግፊት ወሬ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነውና ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ሆኖም ግድግዳውን ተለጥፎ የሚሄደው ስስ ሽፋን በሰበቃ ምክንያት ዝግ ያለ ነው። ወሬው በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሽፋኑም ገና ርጭቱ ጋ ሳይደርስ ከግድግዳው ይነሣና ከሥሩ ከፍተኛ ግፊት ያለው፣ ወደ ኋላ የሚሽከረከር የጋዝ ኪስ ይፈጠራል። ይህ ኪስ ሰፊ ነው። በሰፊ የግድግዳ ክፍል ላይ የሚያርፍ ተጨማሪ ግፊት ማለት ደግሞ ትልቅ ኃይል ማለት ነው።

የትንሿ ርጭት ምሥጢር ይኸው ነው። ወደ ግራ የተረጨው ጋዝ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ኖዝሉን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ነገር ግን በቀኙ ግድግዳ ላይ የተፈጠረው ከፍተኛ ግፊትም እንዲሁ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ድርሻውም የርጭቱን የራሱን ግብረ መልስ ሊያህል፣ አልፎ ተርፎም ሊበልጥ ይችላል። ሮኬቱን የሚያዞረው በአብዛኛው የተረጨው ጋዝ ሳይሆን የተቆጣው ዋናው ፍሰት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከዚህ ተነሥተን ብዙ በረጨን ቁጥር ብዙ እናገኛለን ብንል ግን እንሳሳታለን። ሾክ ሞገዱ ከርጭቱ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ያመራል። ርጭቱ ሲበረታ ወይም ቀዳዳው ወደ ጉሮሮው ሲጠጋ ሞገዱ ከኖዝሉ ሳይወጣ የግራውን ግድግዳ ይመታል። በዚያም ግፊት ይጨምራል፤ ይህኛው ግን ወደ ግራ የሚገፋ ነው። ያን ጊዜ የተጨመረው ርጭት ያገኘነውን መልሶ ይበላል። ቀዳዳውን ወደ መውጫው ማቅረብ ይህን ያስወግዳል፤ እጅግ ከቀረበ ደግሞ ጥምዘዛው ባይጎዳም ከቀዳዳው በላይ ያለው የፍሰቱ ግፊት ስለሚቀንስ የምናገኘው ጥቅም ይለወጣል። ታዲያ የተሻለው ቦታ የት ነው? ስንት ቀዳዳ? በምን ያህል ግፊት?

የፍሰት ስሌት ዋጋው እጅግ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በእሳት ሙከራ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ለማዛወር አዲስ ኖዝል መሥራት ያስፈልጋል፤ በኮምፒውተር ግን ሃምሳ ቦታዎችን በተከታታይ መሞከር ይቻላል። የሙከራ መለኪያ በግድግዳው ላይ በተተከሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ግፊትን ይነግረናል፤ ስሌቱ ሾክ ሞገዱ የት እንደሚያርፍ፣ ኪሱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚዘጋ ሁሉንም ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በናሳ የላንግሊ ምርምር ማዕከል የተሠራ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥናቱ ለአውሮፕላን የታሰበ ቢሆንም መርሑ አንድ ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ ቀዳዳ ፋንታ በሁለት መርጨት ይሻል እንደሆነ በስሌትም በሙከራም ፈተሹ። በሙከራው፣ በኖዝሉ መግቢያና በውጭው አየር መካከል ያለው የግፊት ንጽጽር ከ4 በታች ሲሆንና የሚረጨው ጋዝ ግፊት ከፍ ሲል፣ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ገፊውን ኃይል ሳትጎዳ የመታጠፊያውን ማዕዘን ጨመረች። ልብ በሉ፤ መልሱ «ሁለት ይሻላል» ብቻ አይደለም፤ «በዚህ የግፊት ክልል ውስጥ ሁለት ይሻላል» ነው።

ሥዕሉ የሚዋሽበት ቦታ

ከላይ እንዳየነው የጎን ኃይሉ የሚወሰነው ስሱ ሽፋን ከግድግዳው በሚነሣበት ቦታ ነው። የፍሰት ስሌት ደግሞ ክፉኛ የሚቸገረው በዚሁ ቦታ ነው።

ምክንያቱ ነውጥ ነው። በኖዝል ውስጥ ያለ ፍሰት በሺህ የሚቆጠሩ ትላልቅና ጥቃቅን ሽክርክሪቶች የሞሉበት ነው። የመጨረሻዋን ሽክርክሪት ሳይቀር ለማስላት ያለን የኮምፒውተር አቅም ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ አብዛኛው የምሕንድስና ስሌት የፍሰቱን አማካይ ብቻ ይፈታል፤ የሽክርክሪቶቹን ውጤት ግን የነውጥ ሞዴል በሚባል ግምታዊ ቀመር ይተካዋል። ሞዴሎቹ ብዙ ናቸው፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ታዋቂ የሆነው ኬ-ኢፕሲሎን የተባለው ሞዴል ሽፋኑ ከግድግዳው ሊነሣ ሲገባው ተለጥፎ እንዲቆይ ያደርጋል። በ1994 በሜንተር የቀረበው ኤስ.ኤስ.ቲ. የተባለው ሞዴል በዚህ ረገድ ተሻለ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሽፋኑን ያለ ጊዜው ያስነሣዋል። አንዱን ሞዴል ስንመርጥ ኪሱ ያጥራል፣ ሌላውን ስንመርጥ ይረዝማል፤ የጎን ኃይሉም አብሮ ይለወጣል። ሁለቱም የሚያወጡት ሥዕል እኩል ያማረ ነው!

የውድድሩ ፍርድ ያደላል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚወዛወዘው ኖዝል ውጤት ከነውጥ ሞዴሉ ጋር ብዙም አይለዋወጥም፤ የርጭቱ ውጤት ግን ይለዋወጣል። ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ፕሮግራም አስልቶ የተገኙትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው፣ አንደኛው ቁጥር ከሌላው ይልቅ በብዙ የሚያጠራጥር መሆኑን ካልጻፈ አንባቢውን አሳስቷል። በእኛ እምነት በዘርፉ ከሚታዩት ስሕተቶች ይህ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ንጽጽሩ ስሕተት ይሆናል።

መድኃኒቱ ስሌቱን አስቀድሞ ከተለካ ነገር ጋር ማስተያየት ነው። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ስፔይድና ዙኮስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከድምፅ ፍጥነት 3.5 እጥፍ በሚጓዝ አየር ውስጥ፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ካለች ስንጥቅ ጋዝ እየረጩ በሳንቃው ላይ የሚያርፈውን ግፊት ለክተው ነበር። ይህ ሙከራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የስሌት ሰዎች ራሳቸውን የሚፈትኑበት ነው። የሳንቃውን ግፊት በትክክል ያላገኘ ፕሮግራም ስለ ኖዝል ሊያወራ አይገባውም። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ገና ቀዝቃዛ አየርን ብቻ ነው ያሸነፈው፤ በእውነተኛው ሮኬት ውስጥ ጋዙ የጋለ ነው፣ ኬሚካዊ ለውጥ ላይ ነው፣ ከጠጣር ነዳጅ ሲመጣ የቀለጠ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ጠብታ ይሸከማል፤ የተረጨው ነገር ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ እዚያው ይተንናል።

አማካይ ብቻ ማስላት ሌላም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2002 የተሻሻለው አሪያን 5 በመጀመሪያ በረራው ላይ ሳለ የዋናው ሞተር ኖዝል ተበላሽቶ ሮኬቱ መሪውን አጣ። የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ተሰንጥቀው ኖዝሉ ከልክ በላይ ግሎ ነበር፤ መርማሪዎቹ በተጨማሪ እንደገለጹት ሞተሩ በበረራ ላይ የሚያርፉበት ኃይሎች በንድፉ ጊዜ በተሟላ ሁኔታ አልታወቁም ነበር። በሮኬቱ ግርጌ የሚሽከረከረው አየር ኖዝሉን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይደበድበዋል። የእነዚህ ድብደባዎች አማካይ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አማካዩን ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራምም «ኃይል የለም» ሊል ይችላል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ትላልቆቹን ሽክርክሪቶች በግልጽ የሚከታተሉና ጥቃቅኖቹን ብቻ ለሞዴል የሚተዉ ስሌቶች በዚህ ችግር ላይ በስፋት ተሠርተዋል።

አንዳንዱን ጉድለት ደግሞ የትኛውም የፍሰት ስሌት አያየውም። በኖቬምበር 2020 ቬጋ የተባለው ሌላው የአውሮፓ ሮኬት ሁለት ሳተላይቶችን ይዞ የጠፋው በመጨረሻው ደረጃ የኖዝሉ ማንቀሳቀሻ ገመዶች ተለዋውጠው ስለተገጠሙ ነበር፤ ኖዝሉ ወደ ታዘዘበት ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ታጠፈ።

መጀመር ለሚፈልግ

ይህን ሥራ ለመሞከር የነፋስ ዋሻም ሆነ የማስወንጨፊያ ጣቢያ አያስፈልግም። ኦፕንፎም የተባለው የፍሰት ስሌት ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኤስ.ዩ.2 የተባለውም እንዲሁ። ሁለት ስፋቶች ብቻ ያሉት ችግር በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

ይሁን እንጂ በኖዝል መጀመር አይመከርም። በመጀመሪያ በድምፅ ፍጥነት እጥፍ የሚጓዝ አየር 10 ዲግሪ ባዘነበለ ሽብልቅ ላይ ሲመታ አስሉ። የዚህን መልስ ከመጽሐፍ እናውቀዋለን፤ ሾክ ሞገዱ በ39.3 ዲግሪ ይቆማል፤ ከሞገዱ በኋላ ያለው ግፊት ከፊተኛው 1.71 እጥፍ ነው። ከዚያ ሣጥኖቹን በግማሽ፣ እንደገናም በግማሽ አሳጥሩ። ሞገዱ በስክሪኑ ላይ ይቀጥናል፤ ማዕዘኑና ግፊቱ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። ከተንቀሳቀሱ መረባችሁ ገና ሻካራ ነው። ይህን ሲጨርሱ የስፔይድንና የዙኮስኪን ሳንቃ ይሞክሩ፤ በሁለት የተለያዩ የነውጥ ሞዴሎች ሠርታችሁ ኪሱ በእያንዳንዱ የት እንደሚጀምር በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉት። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩና ከውጤታችሁ ጎን ጻፉት።